ለሸክመኛው ያወጣሁለት ስም

የጣሊያኑ ሻምበል የወንድሜን መፈቻ ወረቀት ጽፎ ጨርሶ ነበር። የቀረው ፊርማ ነው። «በገበያ ቀን ሲኒማ አሳያለሁ፣ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ። ሰዉ ደስ ብሎት ከወጣ እፈርማለሁ» አለኝ።

ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። ቡታጅራ ውስጥ ጣሊያንኛ የምታውቅ ሴት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያንንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። በመጣሁ ሰሞን ወንድሜን የያዙት እንሰቱ መሀል ጠመንጃ ቀብረሃል ብለው ነው። ጠመንጃውን አላገኙትም፣ ስለዚህ ይፈቱታል ብለን ተስፋ አደረግን።

የገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ የቆዳ መጋዘኑን መስኮቶች በጆንያ ደፈኗቸው። ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠሩ። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ገበያተኛውን እየነዱ አስገቡና በሩን ዘግተው ቆሙ። ቆዳው ይከረፋል፣ የሲኒማው ሞተር ውጭ ያጓራል። ሻምበሉ ከኋላዬ ተቀመጠ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

ሲኒማው ጫካ ውስጥ ነው። ቁምጣ የለበሰ ነጭ ጠመንጃ አንግቶ ከፊት ይሄዳል። ጥቁሮቹ ሣጥን በራሳቸው ተሸክመው ይከተሉታል።

«ሥልጣኔ እየወሰደላቸው ነው በያቸው» አለኝ ሻምበሉ። አልኳቸው።

«ሣጥኑ ውስጥ ነው ያለው?» አሉ አንድ የመስቃን ሽማግሌ።

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ምነው እሱ አይሸከመው? እጅ የለውም እንዴ?»

መጋዘኑ በሳቅ ሞላ። ሻምበሉ ምን አሉ ሲለኝ «ጀግንነቱ ደስ አላቸው» አልኩት። ነጩ አንበሳ ሲገድል አስካሪዎቹ አጨበጨቡ፣ ሰዉም ተከተለ። አለቀልን፣ ይፈርማል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወንዝ መጣ። መጨረሻ ላይ የሚሄደውን ከሲታ ሸክመኛ አዞ ያዘው። እጁ ብቻ ታየ፣ ቀጥሎ እሱም ጠፋ። ነጩ ሣጥኑን ከውሃው አውጥቶ አቀፈና መንገዱን ቀጠለ።

«ሰው ሞቶ ዝም ብለው ይሄዳሉ?» አለች አንዲት ቅቤ ነጋዴ።

«ሲኒማ ነው፣ እውነት አይደለም እናቴ።»

«ዓይኔ እያየ በላው እኮ። የማን ልጅ ነው?»

በኛ አገር ለቅሶ እንዲሁ አይጀመርም። ስሙ ከነአባቱ ይጠራል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ተራ በተራ ተነስተው የሟቹን ሥራ ይናገራሉ። ስም የሌለው ሰው ሳይለቀስለት ሊቀር ነው ብለው ከየአቅጣጫው ጮሁብኝ። «ቋንቋቸውን የምታውቂው አንቺ አይደለሽ? ንገሪና!» ሻምበሉ ደግሞ ከኋላ ትከሻዬን ይነካካኛል፣ «ምንድነው የሚሉት?» እያለ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ዝም እንዲሉልኝ ብዬ አፌ ላይ የመጣውን ስም ወረወርኩላቸው። ያን ሰሞን አፌ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው። የወንድሜን ስም ከነአባታችን ጠራሁ።

ከገበያተኛው ግማሹ ወንድሜን ያውቀዋል። እህቱ በሰው ፊት ስሙን ስትጠራ፣ እስር ቤት ሞቶ እያረዳቻቸው መሰላቸው። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። «አልሞተም፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ ጮህኩ፣ ማን ይስማኝ። አንዱ የአባቴ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ተነሳ።

«ድልድዩ ጋ በጣሊያን ጦር ላይ ብቻውን የተኮሰ!» አለ።

ሌላው ተቀበለው። «ጠመንጃውን ከኔ ጉድጓድ የደበቀ፣ ተገርፎ ስሜን ያላወጣ!»

ሦስት ወር ሙሉ አገር አፉን ይዞ የደበቀውን ነው ያወጡት። ለሞተ ሰው ምን ይደበቃል፣ ሞቶ ማን ያስረዋል። እኔ አንገቴን ወደኋላ ማዞር ፈራሁ።

በሩ ላይ ከቆሙት አስካሪዎች አንዱ አማርኛ ይሰማል። መጥቶ ወደ ሻምበሉ ጆሮ ጎንበስ አለ። ሻምበሉ ተርጉሚልኝ አላለኝም። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ አራት ቦታ አጠፈው፣ መልሶ ከተተው። ሞተሩን አጥፉ አለ።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜንና የጉድጓዱን ባለቤት በካሚዮን ጭነው በአዲስ አበባ መንገድ ወሰዷቸው። የት እንዳደረሷቸው የነገረን የለም።

መጋዘን ውስጥ የነበሩት ዓይኔን አያዩም፣ ግን ለእናቴ ማንም አልነገራትም። እሷ አንድ ጆሮ ጠቢ የሸጠው ነው የሚመስላት። ጧት ጧት እጇን ዘርግታ ትራገማለች። «ልጄን አሳልፎ የሰጠው ዘሩ አይለምልም» ትላለች።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሜን እላለሁ።