የሲኞራ ድምፅ በእኔ እጅ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ለንደን (ሰዓቱ በሀበሻ ነው)

ወደ አየር ማረፊያ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ እያንቀላፋሁ ነው። ሮም የምሄደው ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ፤ ለምርጫ ነው። ሳቁብኝ! አክስቴ ፅጌ ሮም ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ትንከባከባለች፤ «ሲኞራዬ»፣ እመቤቴ፣ ነው የምትላቸው። አሮጊቷ አገራቸውን ከለቀቁ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ በሚደረገው የብሪታኒያ ምርጫ ግን በወኪል፣ ማለትም ሌላ ሰው በስማቸው ድምፅ ሰጥቶላቸው፣ መምረጥ ይችላሉ። የእንግሊዝ ዜግነት ስላለኝ አክስቴ እኔን አጨችኝ። እሳቸው ደግሞ «ፊቱን ሳላይ ድምፄን አልሰጥም» አሉ።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሴትዮዋ ለምርጫ የተመዘገቡበት የለንደን ቤታቸው እኔ ከምኖርበት ፎቅ ማዶ ነው። እነሱ በር ላይ አበባ አለ፣ እኛ ግድግዳ ላይ ሻጋታ። ምርጫ ጣቢያችን ግን አንድ ነው።

ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል፣ አናኚና፣ ሮም

አክስቴ ሜትሮ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ጠብቃ አገላብጣ ሳመችኝ። ቆመን ካፑቺኖ ጠጣን፣ ኮርኔቶ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ በላን። «መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን እዚያ ነበር የምኖረው» ብላ ወደ ሰላም ፓላስ ጠቆመችኝ፤ ስደተኛ የሞላበት የድሮ ዩኒቨርሲቲ ሕንጻ ነው።

«አሎራ፣ እንግዲህ ስማኝ። ሲኞራዬን በፖለቲካ እንዳትከራከራቸው፣ ደም ግፊት አለባቸው።»

«ምን አከራከረን? ሀብታም ናቸው፣ የሀብታም ፓርቲ የሚባሉትን ሰማያዊዎቹን ነው የሚመርጡት። እኔም ዘንድሮ ሰማያዊ ነኝ።»

ሰፈራችን እስከዛሬ የቀዮቹ ፓርቲ ነበር። የደሃ ወገን ነን ይላሉ፤ ፎቃችሁ ሊፈርስ ነው ስንባል ግን ለጻፍነው ደብዳቤ እንኳ መልስ አልሰጡም። የሰማያዊዎቹ ተወዳዳሪ በራችንን አንኳኩቶ «አስቆመዋለሁ» አለ። አመንኩት ወይ? እንጃ። ግን መጣ።

7 ሰዓት፣ ሞንቴቬርዴ፣ የሲኞራ ቤት

በረንዳው ላይ ፓስታ ቀረበ። ሲኞራ ቀጭን ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ሰው ይመረምራል።

«ቀይ ነው የምመርጠው» አሉኝ። «ግብሬን ይጨምሩብኝ! እንዳንተ ያሉ ሰዎች እኮ በብርድ እየተሰቃዩ ነው።» እንባቸው መጣ።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ሀብታሟ ለእኔ ብለው ቀይ፣ እኔ ደሃው ሰማያዊ! የውክልናውን ወረቀት ዝም ብዬ ባስፈርማቸው ይሻል ነበር፣ አልቻልኩም።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ የምመርጠው ሰማያዊ ነው።»

አክስቴ ጭልፋውን ጣለች። ስለ ፎቁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ «ይህን ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው ድምፄን አይሰርቀኝም» ብለው እስክሪብቶ አስመጡና ፈረሙ።

እሁድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ አውቶቡስ ማቆሚያ

«ለሳቸው ቀይ፣ ለራስህ ሰማያዊ» አለች አክስቴ። «የአንዳችሁ ድምፅ የሌላውን አጠፋ ማለት አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያንተን ለእኔ ስጠኝ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ወደ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው እዚህ። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ አድሳለሁ፣ የሰው እናት አጥባለሁ፤ ማንን ትመርጫለሽ ያለኝ የለም። አገር ቤትም ሰው ቤት ስሠራ፣ የምርጫ ቀን ቤት ጠብቂ ተባልኩ።»

አንጀቴን በላችው። «እሺ፣ ለማን ላድርግልሽ?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ሰማያዊ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«ሲኞራዬ ስለ ደሃ ሲያወሩ ያለቅሳሉ። ያ በር ያንኳኳው ሰውዬ አለቀሰ?»

«ኧረ አላለቀሰም።»

«ቫ ቤኔ፣ ደህና። ቀይ አድርግልኝ።»

«ቤቴስ? የሚፈርሰው እኮ የእኔ ቤት ነው!»

«እሺ ብለኸኛል» አለችኝ፤ አውቶቡሱም መጣ።

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ለንደን

ቤቴ ገብቻለሁ፤ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። የምርጫው ሐሙስ ሁለት ወረቀት ይሰጡኛል፣ ሁለቱም ቀይ ይሆናሉ። ቤቴን በገዛ እጄ ላስፈርስ ነው እንዴ? አላውቅም። አክስቴ ግን አሁን ደውላ ነበር፤ «ምርጫ ጣቢያው ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው? የዚያን ዕለት እኔም ነጠላዬን ለብሼ ልቀመጥ፤ የምመርጠው እኔም አይደለሁ?» አለችኝ።