ሼራችን እንዴት አደረ?

የእንግሊዝን ፓርላማ ከእንግሊዞቹ ብሼ የተከታተልኩበት ጊዜ ነበር። ሳስበው ዛሬም አንጀቴ ያራል። እኔ የሎስ አንጀለስ ታክሲ ነጂ፣ ለንደንን በትራንዚት እንኳ ያልረገጥኩ ሰው፣ ኤርፖርት አጠገብ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ ብሬግዚት፣ ያ ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቱ ነገር፣ ዛሬ ያልፋል ወይስ ይወድቃል እያልኩ ጥፍሬን እበላለሁ። ጓደኞቼ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ሚኒስትሩ መጡ!» ይላሉ። «ክቡር ሚኒስትር፣ እንግሊዝ ትወጣለች ወይስ አትወጣም?» እኔም ሞኙ የምር ተንትኜ እመልሳለሁ። ያ ፓርላማ ጭቅጭቁን ባራዘመ ቁጥር የሚሸረፈው የሚስቴ የሱቅ መግዣ ገንዘብ መሆኑን ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም።

ሚስቴ ፓሳዴና ውስጥ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ያኔ እዚያ ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት ነበር። ሰው ማንሳት፣ ሰው ማጠብ፣ ሰው ማገላበጥ ነው ሥራዋ። ወገቧ አልቋል። ከሥራ ስትመለስ ጎንበስ ማለት እያቃታት ጫማዋን የማወልቅላት እኔ ነበርኩ።

ፌርፋክስ ላይ፣ የሀበሻው ሰፈር ውስጥ፣ ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና የሀበሻ ልብስ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎራ አልን። «ስሚ ልጄ» አሏት ሚስቴን፣ «ጉልበቴ ከድቶኛል። ሁለት ሦስት ዓመት ታግዬ ቴክሳስ ልጆቼ ጋ እገባለሁ። ሱቁን ካንቺ በቀር ለማንም አልሰጥም፤ አንቺ ብቻ ገንዘቡን አዘጋጂ።» ከዚያ ወዲህ ሚስቴ እዚያ ቤት እንደ ገዢ መቆም ተወች። ይቺን መደርደሪያ ወደዚህ አዞራታለሁ፣ እዚህ ጋ መብራት ያንሳል፣ እያለች በዓይኗ ስታስተካክል ትውላለች። ከዚያ የአዛውንት ቤት የምትወጣበት በር እሱ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት እቁብ ደረሳት። እኔ ካጠራቀምኩት ጋር ሲደመር እትዬ ከጠሩት ዋጋ ብዙም አይርቅም። «ዝም ብሎ ከሚተኛ የባንክ ሼር ይገዛበት» አልኳት። ፊቷ በራ።

«እንደ አባባ?»

አባቷ ሀገር ቤት የአንድ ባንክ ሼር አላቸው። በየዓመቱ ከረባታቸውን አስረው ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ የትርፍ ድርሻቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማሩት በሱ ነው። እኛ የምናውቀው የባንክ ሼር ይሄ ነው። ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለህ፣ ዋጋው ላዩ ላይ ተጽፏል፣ በየዓመቱ ይወልድልሃል። ወጣ ወረደ የሚባል ነገር የለም። ሰው ሲጠያየቅ እንኳ «ስንት ሼር አለህ?» ነው የሚለው፤ ዛሬ ስንት ገባ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም እዚያው ልገዛ ሞክሬ፣ ፓስፖርት ስለቀየርክ የውጭ ዜጋ ነህ፣ አይቻልም ተባልኩ። እልህ ያዘኝ። እናንተ ከከለከላችሁኝ ከእናንተ የሚበልጥ ባንክ እገዛለሁ፣ ምን አባታችሁ!

የመረጥኩት አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ባንክ ነው። ለምን ቢባል ርካሽ ስለነበር። እንግሊዞች ከአውሮፓ እንውጣ ብለው ድምፅ ከሰጡ ወዲህ ረክሶ፣ አንዱ ሼር በአንድ ሳምቡሳ ዋጋ ነበር። በዚያ ገንዘብ የአሜሪካ ባንክ ብገዛ የሚደርሰኝ ጥቂት መቶ ሼር ነው። የእንግሊዙ ግን በሺዎች! ድንቁርናዬን አያችሁልኝ? ቁጥሩን ነው ያየሁት። «ከአባትሽ የበለጠ ሼር አለን» አልኳት። ወዲያው አዲስ አበባ ደውላ ነገረቻቸው። «ጎበዝ! ጎበዝ!» አሉ ሰውዬው፣ መረቁኝም። የመጀመሪያው የትርፍ ድርሻ የመጣ ቀን ፌርፋክስ ላይ ክትፎ ጋበዝኳትና እንደ ባለሀብት ጉርሻ ተጎራረስን።

ሼር እንደሚወርድ አላውቅም ነበር አልልም። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ባንክ፣ ያውም የእንግሊዝ ባንክ፣ ይወርዳል ብሎ ልቤ አልተቀበለም።

ወረደ። እንግሊዞቹ ስምምነት ያመጣሉ፣ ፓርላማው ይጥለዋል። እንደገና ያመጣሉ፣ እንደገና ይጥለዋል። የመውጫው ቀን ይራዘማል። እኔ ቢወጡም ቢቀሩም ግድ አልነበረኝም፤ አንዱን አድርጉና ገላግሉኝ ነበር ጸሎቴ። ነገ ምን እንደሚመጣ ካልታወቀ ማን ቤት ይገዛል፣ ማንስ ይበደራል? ባንክን ከክፉ ዜና ይልቅ የሚገድለው ይሄ አለመታወቅ ነው። ይህን ሁሉ የተማርኩት ታዲያ ከገዛሁ በኋላ ነው።

ሚስቴ በየጠዋቱ የሥራ ልብሷን እየለበሰች «ሼራችን እንዴት አደረ?» ትለኛለች፣ ስለታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ። ስልኬን አያለሁ። «ትንሽ አሞታል» እላታለሁ። «አይዞህ፣ ይሻለዋል» ብላኝ ትወጣለች። አንድ ቀን ብቻ በር ላይ ቆም ብላ «የአባባ እንዲህ አይልም ነበር» አለችኝ። ደግማ አላነሳችውም።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሀገር ቤት መሪ ተቀይሮ ነበር። ፌርፋክስ ላይ ሰው ተቃቀፈ፣ እልል ተባለ። አንዱ ወርዶ ሌላው በወጣ በጥቂት ወር ውስጥ ያልተነካ ነገር የቀረ አልመሰለንም። እኔም ጅሉ፣ ፖለቲካ የትም እንዲህ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰውየው ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል። ስለዚህ የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ድምፃቸው እየተቆራረጠ ሥልጣን እንደሚለቁ ሲናገሩ በስልኬ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ለሚስቴም «በቃ፣ አለቀ፤ አዲሱ ሰው ይጨርሰዋል» አልኳት።

አዲሱ ሰውዬ መጣ። መጣና ስምምነት ኖረም አልኖረም እንወጣለን አለ። ሼሩ ቁልቁል ሄደ። ሰውየው ሲቀየር የተቀየረው የእኔ ገንዘብ ብቻ ሆነ።

ኦገስት ላይ አንድ ጠዋት፣ ተራ እየጠበቅኩ ዋጋውን ቼክ ሳደርግ፣ ከሚስቴ ሱቅ ሲሶ ያህሉ ሄዷል። ወሬው ሁሉ ፓርላማው ሊዘጋ ነው የሚል ነበር፤ ፓርላማ ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ደግሞ ለእኛ ማንም አይነግረንም፣ እናውቀዋለን። አንዱ ጓደኛዬ መስኮቴን አንኳኳ። «ክቡር ሚኒስትር፣ አዲሱን ሰውዬ እንዴት አዩት?»

«ሀገሪቷን ገደል ይከታታል» አልኩ። መስኮቱን ዘግቼ ሁሉንም ሸጥኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወዲያው ተራዬ ደረሰና ሻንጣ የበዛባቸው ባልና ሚስት ጭኜ ሎንግ ቢች አደረስኩ።

ያን ዕለት መንገር ነበረብኝ። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ዋልኩ። ቤት ስገባ ወገቧ ላይ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ አስራ ሶፋ ላይ ተጋድማለች፤ ልነግራት አልጨከንኩም። ነገ እላለሁ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት «ሼራችን እንዴት አደረ?» አለችኝ።

«ትንሽ አሞታል» አልኳት።

አለቀ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልናገር? በየጠዋቱ ስልኬን አወጣለሁ፣ የሌለንን ሼር ዋጋ አያለሁ፣ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ወጣ ብሎ ሲውል ሳታየኝ እበሽቃለሁ፤ ሲወርድ ደግሞ ክፋቴን እዩልኝ፣ ደስ ይለኛል። የጎደለውን ትርፍ ሰዓት ሠርቼ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። በታክሲ! ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና እየጠራ እኛን ዞር ብሎ ማየት በተወበት ዘመን።

ዲሴምበር ላይ እንግሊዞች ምርጫ አደረጉ። ያ ገደል ይከታታል ያልኩት ሰውዬ በሰፊው አሸነፈ። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ መውጣቱ ተቆረጠ፤ አለመታወቁ ቀረ። ባንኮቹ በአንድ ቀን ብድግ አሉ። የእኛው፣ ማለቴ የእኛ የነበረው፣ የገዛንበት ዋጋ ላይ ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ሚስቴ የዚያን ቀን ማልዳ ወጥታ ስለነበር አልጠየቀችኝም። ተመስገን አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ገና በሩ ሳይከፈት እልልታዋን ሰማሁ። ሚስቴ ከልቧ እልል ስትል ከሠርጋችን ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

«አንተ! ሰማህ ወይ? የማጥባቸው ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ዜና ነው የሚያዩት፤ የእንግሊዝ ባንኮች ወጡ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ! ተገላገልን እኮ!» ወገቧን ረስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ለእትዬ ደውዬላቸዋለሁ። ሌላ ገዢ መጥቶባቸው እኔን ብለው እንዳቆዩት ታውቃለህ? ሰኞ እንፈራረማለን።»

«ሸጬዋለሁ» አልኩ።

«ዛሬ? ጎበዝ! እኔ ደግሞ እንዴት እንደሚሸጥ ልጠይቅህ ነበር።»

«ኦገስት ላይ።»

እጇን ከአንገቴ አወረደች። ፊቴን አየችው፣ ቆይታ አየችው።

«ታዲያ በየጠዋቱ የምትነግረኝ የማንን ነበር?»

ብትሰድበኝ፣ ያገኘችውን ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ እዚያው ፊቴ ደወለች።

«እትዬ፣ ደኅና ዋሉ? ቅድም ቸኩዬ ነው የደወልኩልዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለዚያ ለመጣው ሰው ይስጡት። አይ፣ ገንዘቡስ አለ። እሱማ ግዢው ብሎ ሲጎተጉተኝ ነው የከረመው። እኔ ነኝ የፈራሁት፤ ሱቅ የምችል አልመሰለኝም።»

እትዬ ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ብዙ አዳመጠች። «አሜን» አለች፣ ደጋግማ «አሜን» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ልረዳት ስጠጋ በእጇ መለሰችኝ።

ሱቋን ሰውየው ገዛት። ሚስቴ ዛሬም ፓሳዴና ትሠራለች። እትዬ ከቴክሳስ በደወሉ ቁጥር «እንዲያው ያኔ ምን አስፈራሽ፣ ልጄ?» ይሏታል፤ እሷም እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እየሰማሁ «ሞኝነት ነው እትዬ» ትላቸዋለች። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ በጠዋት ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።