ፍሬን የሌለው ብስክሌትና የእኔ እልህ

አብነት ሰፈር ብስክሌት መጠገኛ ሱቅ ሥራ የገባሁ ቀን አለቃዬ ጋሽ ሸምሱ አንድ የኋላ ጎማ እጄ ላይ ጣለና «ጥርሱን ፈትተህ፣ አጥበህ መልስ» አለኝ። ጥርስ የምንለው ካቴናው፣ ማለትም ሰንሰለቱ፣ የሚያርፍበትን ክብ ብረት ነው። ውስጡ ጥቃቅን የብረት ፍሬዎች አሉ። ስፈታው ፍሬዎቹ ደጁ አፈር ላይ ተበተኑ። ለቃቅሜ ከነአሸዋው ገጠምኩት።

የብስክሌቱ ባለቤት አስተማሪ ነበር። ነድቶ ሄደና ሱሪው ተቀዶ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ። «ጋሽ ሸምሱ፣ እግሬን ላሳርፍ ብል ፔዳሉ መች ያሳርፈኛል!» አለ። ጥርሱ በአሸዋው ተነክሶ ፔዳሉ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል ማለት ነው።

ጋሽ ሸምሱ በኩርኩም አናቴን አለኝና «ቁልቁለት የተፈጠረው እግር እንዲያርፍ ነው። የማያሳርፍ ብስክሌት ብስክሌት አይደለም» አለኝ። ይህን እንደ ሕግ ይዤ አረጀሁ።

ጋሽ ሸምሱ ሲሞት ሱቁን እኔ ያዝኩ። በኋላ ሰዉ ሁሉ ታክሲ ለመደ፣ እኔም የእጅ ጋሪ ጎማ ወደ መለጠፍ ወረድኩ። ይኸው እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ወጣቶች ብስክሌት ይዘው መጡ። ከፊት ያለችው ሃና ትባላለች፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ሰንጋ ተራ ቢሮ ትሠራለች። አጠገቧ ከማል አለ፣ ምላሱ የማያርፍ ልጅ።

የሃናን ብስክሌት አንስቼ ጎማውን ባዞረው ፔዳሉ አብሮ ዞረ። «ልጄ፣ ይሄ ተነክሷል» አልኳት።

«አልተነከሰም ጋሼ፣ ሥራው ነው። ፊክስድ ይባላል።»

«ፍሬኑስ?»

«የለውም። ፔዳሉን በእግር ወደ ኋላ ተጭነን ነው የምናቆመው።»

ሳቄ መጣ። እኔን በኩርኩም ያስመታኝን ነገር እነዚህ ገዝተው ይነዱታል! ያኔ ዝም ብዬ ሥራዬን ብቀጥል ኖሮ ከዘመኑ የቀደምኩ መካኒክ እሆን ነበር።

ልጅቷ ግን በየጠዋቱ በሱቄ በር የሚያልፈውን ቁልቁለት ወደ ቢሮዋ ትወርዳለች፣ ሚኒባሶቹ ደግሞ ሰው ካዩ የትም ይቆማሉ። ስለዚህ «ፍሬን ካልገጠምሽ ይሄን ብስክሌት አልነካም» አልኳት።

«አይገባዎትም ጋሽ ሰይድ፣ ወጥተውበት አያውቁም።»

«እኔ? አንቺ ሳትወለጂ ነው ብስክሌት ላይ የወጣሁት!»

«እንግዲያው ይንዱት። ከላይ ወርደው ሱቅዎ በር ላይ ካቆሙት፣ ሁለተኛ የፍሬን ወሬ አይነሳም። ካልቆመልዎ እገጥማለሁ።»

እዚህ ላይ ሞኝነቴን እዩልኝ። እኔ የምፈልገው ፍሬን እንድትገጥም ነው። ስለዚህ መሸነፍ ነበረብኝ። ግን እልኸኛ ነኝ፣ ላሸንፍ ፈለግኩ።

የከማልን የራስ ቁር አጠለቁልኝ። ጠበበኝ። ከቁልቁለቱ አናት ተነሥቼ ወረድኩ። መጀመሪያ ደህና ነበር፣ እንዲያውም ጎረቤት ሲያየኝ አንገቴን ቀና አደረግኩ። መሀል ላይ ሲፈጥን የዕድሜ ልክ ልማዴ መጣና እግሬን አሳረፍኩ። እግሬ አረፈ፣ ፔዳሉ ግን አላረፈም። ሽቅብ አንስቶ ወረወረኝ። የተነሣሁት ከመንገድ ዳሯ ድንች ሻጭ ጆንያ ላይ ነው።

ሴትየዋ አየችኝና «ጋሽ ሰይድ፣ ስንት ኪሎ ልመዝንልዎ?» አለች።

ልጆቹ ብስክሌቱን ሳይሆን እኔን ለማንሣት ሮጡ። ክርኔን አይተው፣ ጉልበቴን አጣጥፈው፣ አጥንት አለመሰበሩን ሲያረጋግጡ ነው የሳቁት። «ፍሬኑን እንድትገጥም ሆን ብዬ ነው የወደቅኩት» አልኳቸው። ማንም አላመነኝም። ሃና ግን ቃሏን አላጠፈችም፣ የፊት ፍሬን ገጠምኩላት።

እነዚህ ልጆች አንድ ደንብ አላቸው። የወደቀ ሰው በሚቀጥለው ጉዞ ከፊት ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ፍጥነት ይነዳል። ፈርቶ እንዳይቀር ነው። «እሑድ መሪያችን እርስዎ ነዎት» አለኝ ከማል። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

አሮጌዋን ባለ ሁለት ፍሬን ብስክሌቴን ይዤ ቀደምኩ። ከኋላዬ ከማል «ጋሼ፣ እግረኛ ቀደመን እኮ!» ይላል። ማንም ግን አላለፈኝም። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እግሬን አሳረፍኩ፣ በራሴ ብስክሌት መብቴ ነው። ወዲያው አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ፊቴ ቀጥ አለ። ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ሲጢጥ የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ዞር ስል የሃና ጎማ የእኔን ሊነካ አንድ ጣት ቀርቶታል። ሃና «ጋሼ፣ ፍሬኑ ይጮኻል። ያስተካክሉልኝ» አለችኝ።

«ይጩህ» አልኳት።

በማግስቱ ከማል ብቻውን መጣ። ማንም እንዳያየው ግራ ቀኙን አይቶ «ለእኔ የማይጮኸውን ይግጠሙልኝ» አለ።

እናንተ ዛሬ መፍቻ የያዛችሁ ልጆች፣ የማታውቁት ዕቃ ሲመጣ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ። ለሚወርድ ሰው ፍሬን ግጠሙ። ፊክስድ ላይ ከወጣችሁ ደግሞ እግራችሁን አታሳርፉ።