ገሠሠ በነፍሰ ጡር አልጋ ላይ

አበልጄ ገሠሠ ራቤል ውስጥ የሚታወቀው «አላመመኝም» በማለት ነው። ጥርሱ ሲነቀል አላመመውም፤ ማጭድ ጣቱን ሲቆርጠው አላመመውም። ባለፈው ጥቅምት የጓሳ ሣር ሊጭን ሄዶ የገዛ በቅሎው ሆዱን ስትረግጠውም ልብሱን አራገፈና «ደም የለ፣ ምን የለ!» ብሎ ሣሩን ጭኖ ተመለሰ። ጀግና!

ቤቱ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ይንቆረቆራል። «ንፋስ መትቶኝ ነው» አለ። ምን ያለ ንፋስ ነው ኮቴ ያለው! ሚስቱ አማከለች እኔን ጠርታ በግራና በቀኝ ደግፈን ጤና ጣቢያ አደረስነው።

ጤና መኮንኗ ትርሲት ሆዱን ጫን ጫን አድርጋ አየችና «በአልትራሳውንድ ልይዎት፣ እዚህ ይተኙ» አለችው። የአገሩ እርጉዝ ሁሉ የሚታይበት አልጋ ነው።

«እኔ ገሠሠ? ምን ልትፈልጊ ነው፣ መንታ?»

«አርፈህ ተኛ!» አለች አማከለች።

ተኛ። ትርሲት ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን በቀኝ ጎኑ ላይ አስኬደች። ስክሪኑ ላይ በጉበቱና በኩላሊቱ መሀል ጥቁር መስመር ታየ።

«አባባ፣ ሆድዎ ውስጥ እየደሙ ነው። አምቡላንስ ልጥራ፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል።»

ገሠሠ አንገቱን ቀና አድርጎ ተመለከተ። «ይሄማ ጥቁር ነው! የኔ ደም ቀይ ነው» ብሎ ሊነሣ ሞከረ። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ «እውነቱን እኮ ነው» አልኩ። ሁለት ደንቆሮ!

ትርሲት አልተከራከረችም። አማከለችን አጠገቡ አስተኝታ ያንኑ ቦታ አሳየችው። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም፤ የአበልጅ ሆድ አይታይ ነገር። ጉበትና ኩላሊቷ ተጣብቀዋል፤ መሀላቸው ምንም ጥቁር የለም።

«ፈሳሽ በዚህ መሣሪያ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው» አለች ትርሲት። «የእርሳቸው ንጹሕ ነው። የእርስዎን አይተውታል።»

ገሠሠ ወደ ሚስቱ ዞሮ «አማከለች፣ ልሞት ነው እንዴ?» አላት። በሠላሳ ዓመት እንዲያ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኔም ፈራሁ።

ጣፊያው ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ሆስፒታል አወጡለትና ዳነ። ታዲያ በቀደም እቤቱ የሚካኤልን ማኅበር ሲያበላ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ገና ሳየው ደም ነው አልኳት። ልጅቷ ናት እንጂ ያልገባት!»

ጠላው ትን አለኝ። ወደ አማከለች ዞሬ «ኧረ ተይ፣ አንድ ነገር በይው!» አልኳት።

«ተወው አበልጄ፣ ይዋሽ» አለችኝ፤ ዋንጫዬን እየሞላች። «ይኸን ጊዜ የተዝካሩን ጠላ ነበር የምቀዳላችሁ።»