ማዶ የወደቀው ድኩላ

በቀደም ደባርቅ፣ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ጎረምሳ ጠመንጃውን በዘይት ሲወለውል ሽታው ልጅነቴን ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ጃናሞራ አያቴ ዘንድ ነበርኩ። አጎቴ አጉሊ መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ አምጥቶ፣ ገደል አፋፍ ላይ ተኝቶ ማዶ የሚግጥ ድኩላ ላይ ተኮሰ። ድኩላው ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀ። አጎቴ ብድግ ብሎ መፎከር ጀመረ።

«ዝም በል!» አሉት አያቴ፤ በጉብዝናቸው ዘመን አዳኝ ነበሩ። «ከግዳይህ አጠገብ ሳትቆም ማን ፎክር አለህ?»

«በመነጽሩ አየሁት እኮ፣ አባባ!»

«እንግዲያው መነጽርህ ይፎክር። አንተ ውረድ፤ ቆስሎ ከሆነ ሲሰቃይ ያድራል።»

ገደሉን ወርዶ ማዶ ለመድረስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አጎቴ እያጉረመረመ ወረደ። እኔን ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ።

«አባባ፣ ድኩላው ተኩሱን ሰምቷል?»

አያቴ ማዶውን እያዩ መለሱልኝ። «በእኛ ጊዜ ተጠግተን ስለምንተኩስ ኮቴያችንን ይሰማ ነበር። ብዙ ጊዜም ያመልጠን ነበር። ይሄን የሩቅ ተኩስ መስማቱን እንጃ፣ ልጄ።»

አጎቴ በማግስቱ ሲመሽ ባዶ እጁን ተመለሰ። ደም አይቷል፤ ድኩላውን አላገኘም። ሞቶ ይሁን ድኖ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሻይ ቤቱን ጎረምሳ «ጠመንጃህ እስከየት ይመታል?» አልኩት።

«ዓይን እስካየ ድረስ» አለ፣ እየተኩራራ።

«እግርህስ እስከዚያ ይሄዳል?»