ሐኪሙ ስለ ዘራችን ሲጠይቀኝ

የልጄ የሙሉነሽ ሕመም የጀመረው እኔን ማረም ስትተው ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ጮክ ብዬ ሳነብ፣ «እማዬ፣ መስመር ዘለልሽ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ዘለልኩ። ዝም አለች። ደክሟት ነው ብዬ ተውኩት።

ምግብ ተወች። እንቅልፍ አጣች። ጠበል ወሰድኳት። አንድ ጠዋት፣ «እማዬ፣ ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። ወዲያው ጋሪ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሙ ዲፕሬሽን የሚባል ከባድ የድብርት ሕመም ነው አለ። ቀጥሎ፣ «በቤተሰብዎ እንዲህ የታመመ አለ?» ሲለኝ ደነገጥኩ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ነው። «በዘራችን የለም» አልኩ። የማውቀውም ይህንኑ ነበር።

የታዘዘላት ኪኒን ሳምንታት አልፈውም አልረዳትም። ታናሽ እህቴ አስካለ ሰምታ ከጢቾ መጣችና አብራን ሐኪሙ ዘንድ ገባች። ሐኪሙ ጥያቄውን ደገመው። እኔም መልሴን።

«አለ እንጂ» አለች አስካለ። «እኔ አለሁ።»

ወጣት ሳለች ጥልፍ ልትማር አዲስ አበባ ሄደች ስንል ለካ ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል።

«ያኔ ሽማግሌ ይመላለስ ነበር እኮ፣ እትዬ። ማን ያገባኝ ነበር?»

ያዳናትን መድኃኒት ስም ግን አልረሳችም፦ አሚትሪፕቲሊን።

ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አደረገ። «በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሴሮቶኒን፣ ኖርአድሬናሊን የሚባሉ። በዚህ ሕመም ሥራቸው ሳይዛባ አይቀርም ብለን እናስባለን። ተጋላጭነቱ በዘር ሊመጣ ይችላል፤ ከአንድ እናት ብትወለዱም ግን የሚደርሳችሁ አንድ ዓይነት አይደለም። ማንም ያጠፋው የለም። ለአክስቷ የሠራ ለእሷም ሊሠራ ስለሚችል እንሞክረው። ቶሎ አትጠብቁ ብቻ።»

ኪኒኑን ቆልፌ እየያዝኩ በሰዓቱ እሰጣት ጀመር። ኪኒኑ አፏን ሲያደርቃት አስካለ፣ «ሎሚ ምጠጪ፤ እኔ የመርካቶን ሎሚ ጨርሼዋለሁ» እያለች ታጫውታታለች። ቀስ በቀስ አጥሚት መጠጣት፣ ከዚያም በረንዳ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ቻለች፤ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳነብ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ «እማዬ፣ መስመር ዘለልሽ» ስትለኝ መጽሐፉን አስቀምጬ አለቀስኩ።

እግዚአብሔርን፣ ያን ሐኪምና እህቴን አመሰግናለሁ። እናንተም ልጃችሁ ዝም ስትል ደክሟት ነው ብላችሁ አትለፉ። ሐኪም ስለ ቤተሰብ ሲጠይቃችሁ የለም ከማለታችሁ በፊት አክስት አጎቱን ጠይቁ፤ ማን ምን ደብቆ እንደኖረ አታውቁም።

ኋላ ለሙሉነሽ ሽማግሌ ተላከ። ስለ ዘራችን ሲጠየቅ መልሱን የሰጠችው አስካለ ናት። «እኔ አለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመቀመጫው የተነሣ ግን አልነበረም።