በአሲድ ያጠብኩት ሳንቲም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም ሲገባ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ቸልታዬን ሁሉ እናዘዝና እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ባለቤቴ ሳያውቀው ሞተ። ልጄ ሄለንም አታውቅም። ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ሌላ መጀመሪያ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ያኔ ቴፒ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ጎረቤቴ ስንዱ ትባላለች። አባቷ በሰፈራ ጊዜ ከሰሜን የመጡ ሰው ናቸው። አገራቸው ሳሉ እርሻ ሲያርሱ ያገኙትን አንድ ሳንቲም በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው መጥተዋል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነው። ጨረር ያለው ዘውድ የደፋ የንጉሥ ፊት አለበት፤ ዙሪያውን ማንም የማያነበው ፊደል ተጽፎበታል። ፊቱ እንደ ብር ያበራል፤ የንጉሡ አንገት ላይ ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረ አረንጓዴ ነገር ተጋግሮበት ነበር። ሽማግሌው ንጹሕ ብር ነው ይሉ ነበር። ስንዱ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ የዋሉ አባቷን አስታመመች። በዚያው ዘመን እኔ ሥራ ስሄድ ሄለንን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። ልጄ እግር የተከለችው በእሷ ግቢ ነው። ይህን የምጽፈው ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁት ነው።

ሽማግሌው ሲሞቱ ታላቅ ወንድሟ ታደሰ ከማሻ መጣ። እዚያ ነጋዴ ነበር። ስንዱ ታላቅ አንተ ነህ ብላ ሳንቲሙን በእጇ ሰጠችው። ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ማሻ ውስጥ አንድ ሰው ጠርዙን በሞረድ ቢነካው ከሥሩ ቀይ መዳብ ወጣ። እህቴ እውነተኛውን ብር ሸጣ፣ በመዳብ አስመስላ አሠርታ ሰጠችኝ አለ። ታደሰ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቱ ሲሞቱ አጠገባቸው ባለመኖሩ የሚብከነከን ሰው ነበር፤ ንዴቱ ማረፊያ የፈለገ ይመስለኛል። ስንዱ ማለች፣ ተገዘተች፤ አላመናትም። ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ሐጂ ኑሪ፣ ከመጨቃጨቅ የሚያውቅ ሰው ይየው አሉ። የሚያውቅ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ላይ ወደ ቤተ ሙከራው መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች የተማሪ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ነጭ ጋወኔን ለበስኩ። ልናዘዝ ብዬ የለ? እንግዲያው ደስ ብሎኝ ነበር። የተሞረደው ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ አሲድ አደረግኩ፤ ሰማያዊ ሆኖ ፈላ። መዳብ ነው፣ ብሩ ላዩ ላይ ብቻ የተቀባ ነው አልኳቸው። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ሐጂ ኑሪ ግን ቀና ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ቅቡ የጥንት ነው የአሁን?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። አላውቅም ማለት እንዴት አቃተኝ?

«የአሁን ነው፤ የጥንት ቢሆን እንዲህ አያበራም» አልኳቸው።

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ስንዱ አየችኝ።

ውጤቱን በወረቀት እንድጽፍላቸው ሳንቲሙን እስከ ከሰዓት ትተውልኝ ሄዱ። ብቻዬን ስሆን በማጉያ መነጽር አየሁት። ንጉሡ አንገት ላይ ከአረንጓዴው ትንሽ ተፈንቅሎ ነበር። ከሥሩ ብር አለ። ብሩ አረንጓዴው ሥር ገብቶ ይቀጥላል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ያ አረንጓዴ መዳብ አፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ሲኖር የሚያወጣው ነው፤ በወርም በዓመትም ያን ያህል አይጠጥርም። ብሩ ከሥሩ ካለ፣ ቀድሞ የተቀባው ብሩ ነው። ሳንቲሙን ብር የቀቡት በዚያው በንጉሡ ዘመን ነው። ስንዱ ምንም አላደረገችም። ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበል ብል፣ የሐጂ ኑሪ ሱቅ ከትምህርት ቤቱ በር አምስት ደቂቃ አያስኬድም ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? ሳንቲሙን አሲድ ውስጥ ጨመርኩት። በደንብ ላየው ላጽዳው ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸት ነው። እያወቅኩ ጨመርኩት። አረንጓዴው አረፋ እየደፈቀ ሲሟሟ ቆሜ አየሁ። የቀረውን በብሩሽ ፈተግኩት፤ ብሩም አብሮ ሄደ። ቀይ፣ ንጹሕ መዳብ ሆኖ ወጣ። ወረቀቱ ላይ በቅርብ ጊዜ የተቀባ መዳብ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ስመልስላቸው ለምን ቀላ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ስንዱ ድንጋይ ተሸክማ ወንድሟን ይቅርታ እንድትጠይቅ ፈረዱ። ተሸከመች። ጠጠር ላይ ተንበርክካ፣ ድንጋዩ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ «የአባቴን ዕቃ አልለወጥኩም። የተሸከምኩት ወንድሜን እንዳላጣ ብዬ ነው» አለች። ታደሰ ይህ ይቅርታ አይደለም ብሎ ወጣ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሄለንን እሷ ጋ መተው አቆምኩ። ፊቷን ማየት ስላቃተኝ ነው። ሰፈሩ ግን ሌላ ትርጉም ሰጠው፤ መምህርቷ እንኳ ልጇን እሷ ጋ ለመተው አላመነቻትም ተባለ። እኔም ዝም አልኩ። ቀስ በቀስ ዕቃ አደራ የሚሰጣት፣ ለቡና የሚጠራት ጠፋ። በመጨረሻ ቴፒን ለቅቃ አማን ከተማ ገባች። ዛሬም እዚያ ገበያ ኮረሪማና እርድ ትሸጣለች።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ስለ ጥንት ቅርስ የተማረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ መጣ። እንደ ዋዛ ጠየቅኩት። የሮማ ነገሥታት ብር ሲያጥራቸው መዳብ እየቀረጹ ላዩን በስሱ ብር ይቀቡት እንደነበር ነገረኝ፤ ሳንቲሞቹ በነጋዴ እጅ ቀይ ባሕርን ተሻግረው እኛ አገርም ይደርሱ ነበር አለ። ስልኩ ላይ ሥዕሉን አሳየኝ። ያው ጨረር ያለው ዘውድ ነው። የት አይተሽው ነው ቢለኝ መጽሐፍ ላይ አልኩት።

ታደሰ ካቻምና ሞተ። ለልቅሶ ማሻ ሄድኩ። ስንዱም መጥታ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የወንድሟ ልጆች ማን እንደሆነች አላወቁም፤ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ንፍሮ ሰጥተዋት አለፉ። ልወጣ ስል ተከትላኝ መጣች።

«የሄለን እናት፣ ሳንቲሙ ከእኔ እጅ ሲወጣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ነበረው። ከአንቺ ሲመለስ ቀይ ሆነ። ምን ነክቶት ነው?»

«ቆየ እኮ ስንዱ። አላስታውስም።»

ጥቂት አየችኝና «እሺ» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አስታውሳለሁ። የአሲዱን ሽታ ሳይቀር አስታውሳለሁ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው እንዳልል ማንም ከሥራ አያባርረኝም ነበር። ሦስት ሽማግሌ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ስላልወደድኩ ብቻ፣ እህትን ከወንድሟ ለየሁ።

ይህን ጽሑፍ በሦስት ገልብጬዋለሁ። ሐጂ ኑሪ በሕይወት አሉ፤ አንዱ ለእሳቸው ነው። አንዱን ማሻ ለታደሰ ልጆች እወስዳለሁ፤ አክስታቸውን ይወቋት። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ሦስተኛውን ይዤ እሑድ አማን እሄዳለሁ። ስንዱ በር ካልከፈተችልኝ ውጭ ቆሜ አነብላታለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቃትም። ብጠይቃት እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ።